ከአጥንት ስብራት በኋላ የተሸሸገ ኢንፌክሽንን በኒውክሌር ምስል መለየት፦ በጅማና በአካባቢዋ ለሚሠሩ ሐኪሞች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በሞተር ሳይክል ወይም በባጃጅ አደጋ፣ አለዚያም ከዛፍ ወድቆ የቅልጥም አጥንቱ የተሰበረ ሰው፣ በቀዶ ጥገና ብረት ከገባለት ከወራት በኋላ ሕመሙ አልለቀው ብሎና እግሩን መርገጥ አቅቶት ሲመለስ፣ ሐኪሙ ከሁለት ነገሮች አንዱን መለየት ይኖርበታል። ስብራቱ ያልገጠመው ብረቱ አጥንቱን በሚገባ ስላልያዘው ወይም ለቦታው በቂ ደም ስላልደረሰው ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ከውጭ የማይታይ ኢንፌክሽን በብረቱና በአጥንቱ ላይ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ችግር ብረቱን በተሻለ በመለወጥ፣ ካስፈለገም ከዳሌ አጥንት ወስዶ በመትከል ይታከማል። ሁለተኛው ግን የተበከለውን አጥንት መጥረግን፣ ናሙና መውሰድን፣ ብዙ ጊዜ ብረቱን ማውጣትን ወይም መለወጥንና ለሳምንታት የሚዘልቅ የአንቲባዮቲክ ሕክምናን ይጠይቃል። ኢንፌክሽን ባለበት ቦታ ላይ አጥንት መትከል ታካሚውን ለሌላ ቀዶ ጥገና መዳረግ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሳይለዩ ቢላ ማንሳት አይገባም።

የኒውክሌር ምስል፣ ማለትም በመርፌ በተሰጠ ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚነሳ ምስል፣ የሚያገለግለው በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ራጅና የደም ምርመራ አጠራጣሪ ሆነው ሲቀሩ፣ በሰውነት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት የት እንደሚከማቹ ወይም ስኳር የት በብዛት እንደሚፈጅ በማሳየት ሐኪሙን ወደ ውሳኔ ያቀርበዋል። ይሁን እንጂ ከጅማ ለሚነሳ ታካሚ ምርመራው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ የአስታማሚ ወጪና የአዲስ አበባ አዳር ማለት ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ፍሬ ነገር፣ ታካሚውን ወደ ምርመራው ከመላክ በፊት ጅማ ላይ መሠራት ያለበት ሥራ ተሟልቶ መሠራት እንዳለበት፣ ሲላክም ሐኪሙ መልስ የሚፈልግለትን ጥያቄ በግልጽ ጽፎ መላክ እንዳለበት ነው።

ደረጃ 1፦ መልሱ ቀድሞ የታወቀ እንዳይሆን ያረጋግጡ

ከስብራት ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽንን ለመበየን እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ በ2020 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ምልክቶቹን በሁለት ይከፍላቸዋል፤ አንደኞቹ ኢንፌክሽን መኖሩን የሚያረጋግጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ የሚያጠራጥሩ ናቸው። እስከ አጥንቱ ወይም እስከ ብረቱ የዘለቀ የመግል መውጫ ቀዳዳ፣ ብረቱ እስኪታይ ድረስ የተከፈተ ቁስል፣ ከቁስሉ የሚፈስ ወይም በቀዶ ጥገና ጊዜ የተገኘ መግል፣ ከሁለት የተለያዩ ጥልቅ ናሙናዎች በካልቸር (ተሕዋስን በላቦራቶሪ በማብቀል) የተገኘ አንድ ዓይነት ተሕዋስ፣ በፓቶሎጂ ምርመራ በጥልቅ ሥጋ ውስጥ የታየ ተሕዋስ፣ ሁሉም አረጋጋጭ ናቸው። የኒውክሌር ምስል ግን የተመደበው ከሚያጠራጥሩት ጋር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢመስልም በተግባር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እግሩ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ለወራት መግል የሚፈሰው ታካሚ ኢንፌክሽን እንዳለበት ለማወቅ ጋማ ካሜራ (ከሰውነት የሚወጣውን ጨረር የሚያነሳ የኒውክሌር ምስል ማሽን) አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቀዶ ጥገናና ትክክለኛ ናሙና ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ለተጨማሪ ምርመራ» ብሎ አዲስ አበባ መላክ ገንዘቡንም ጊዜውንም መውሰድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ አጥንቱ መበላሸቱን ይቀጥላል። ኢንፌክሽኑ መኖሩ ታውቆ እስከ የት እንደ ተስፋፋ ብቻ ማወቅ ሲፈለግ ግን፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የሞተውን አጥንትና በሥጋ ውስጥ ያለውን መግል ከኒውክሌር ምስል በተሻለ ዝርዝር ያሳያሉ። በብረቱ ዙሪያ ያለውን ክፍል ግን ብረቱ ራሱ ያደበዝዝባቸዋል።

ቁስሉን ሲመረምሩ ፋሻውን ሙሉ በሙሉ ይፍቱ። በተለይ በጠባሳው ጫፍና በብሎኖቹ አቅጣጫ ያለውን ቆዳ በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ፤ የደረቀ ቅርፊት የመሰለው ነገር ለስለስ ባለ በራሰ ጎዝ ሲነሳ ከሥሩ ቀዳዳ ሊገኝ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ታሪኩን፣ ራጁንና የደም ምርመራውን ያሟሉ

ታሪክ ሲወስዱ ስብራቱ ክፍት ወይም ዝግ እንደ ነበረ፣ አደጋው ከደረሰ በስንት ሰዓት ሆስፒታል እንደ ደረሰ፣ ስንት ጊዜ ቀዶ ጥገና እንደ ተደረገና የመጨረሻው መቼ እንደ ነበረ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስሉ ለምን ያህል ጊዜ ይረጥብ እንደ ነበረ፣ የትኛውን አንቲባዮቲክ ለምን ያህል ቀን እንደ ወሰደ ይጻፉ። ታካሚው ወጌሻ ጋ ሄዶ እንደ ነበረም ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም፤ በጥብቅ የታሰረ ቀርከሃ ቆዳውን አቁስሎ ዝግ የነበረውን ስብራት ክፍት ሊያደርገው ይችላልና። ጥያቄው ግን ወቀሳ ሊኖርበት አይገባም። «አባቴ፣ እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ማን አየልዎት? ምንስ አደረገልዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ሳይደብቅ ይናገራል፤ «ለምን ወጌሻ ጋ ሄዱ?» ሲባል ግን ዝም ይላል። ታካሚው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ከሆነ፣ ይህ የታሪክ ክፍል ቋንቋውን አሟልቶ በሚናገር ባለሙያ ቢወሰድ ይመረጣል።

አንድ ራጅ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከቀዶ ጥገናው ማግስት አንስቶ የተነሱትን ሁሉ በቅደም ተከተል ደርድረው ያነጻጽሩ። በብሎን ዙሪያ እየሰፋ የመጣ ጥቁር ክፍተት፣ ከአጥንቱ ላይ የተነሳ አዲስ ሽፋን፣ ተለይቶ የቀረ የሞተ አጥንት፣ የተሰበረ ወይም የላላ ብረት ጥርጣሬን ይጨምራሉ፤ ሆኖም ኢንፌክሽን የሌለበት ያልገጠመ ስብራትም ከነዚህ አንዳንዶቹን ሊያሳይ ይችላል።

ከደም ምርመራ የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር፣ እንዲሁም በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚጠቁሙት ኢኤስአርና ሲአርፒ ይታያሉ። ሲአርፒ ከቀዶ ጥገና በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ከፍ ብሎ በቀጣዮቹ ሳምንታት ይወርዳል፤ ትርጉም የሚኖረው ከወረደ በኋላ ያለ ሌላ ምክንያት እንደ ገና ሲነሳ ነው። በእኛ አካባቢ ወባና ሌሎች ኢንፌክሽኖች ሲአርፒን ከፍ እንደሚያደርጉ አይዘንጉ። በተቃራኒው፣ ብረት ላይ ተጣብቆ የሰነበተ ኢንፌክሽን ደምን ሳያናውጥ ሊኖር ስለሚችል መደበኛ ውጤት ነጻነትን አያረጋግጥም። እንደ ስታፊሎኮከስ አውሪየስ ያሉ ተሕዋስያን በብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ከሥሩ ይኖራሉ፤ ለሰውነት መከላከያም ለአንቲባዮቲክም በቀላሉ አይበገሩም።

እስከዚህ ድረስ ተሠርቶ ውሳኔው አሁንም ካልጠራ፣ ታካሚው ለኒውክሌር ምስል ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይምረጡ

ሦስት ዋና ዋና ምርመራዎች አሉ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

የአጥንት ስካን የሚሠራው ጨረር አመንጪው ቴክኒሺየም-99ኤም በተለጠፈበት ኤምዲፒ በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ንጥረ ነገሩ አዲስ አጥንት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ይከማቻል። በሦስት ምዕራፍ ይነሳል፤ መርፌው ሲሰጥ የደሙ ፍሰት፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በሥጋው ያለው የደም ክምችት፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ አጥንቱ ራሱ ይታያል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እየገጠመ ያለ ስብራትና በቅርብ ቀዶ ጥገና የተደረገበት አጥንት ያለ ምንም ኢንፌክሽን ለአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ በምስሉ ላይ ሊያበሩ ይችላሉ። ስለዚህ ፈጽሞ ያላበራ ስካን የአጥንት ኢንፌክሽን እንደሌለ በመናገር ሊጠቅም ይችላል፤ ያበራ ስካን ግን ስብራት እንደ ነበረ ከመናገር ብዙም አያልፍም። በኔ እምነት ብረት በገባለት ስብራት ላይ የአጥንት ስካንን ብቻውን አዝዞ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ቀዶ ጥገና መግባት ጎጂ ልማድ ነው።

የነጭ ደም ሕዋስ ስካን ለእጅና ለእግር ስብራቶች የተሻለው የጋማ ካሜራ ምርመራ ነው። ከታካሚው ራሱ ደም ተወስዶ ነጭ ሕዋሳቱ ተለይተው ቴክኒሺየም-99ኤም ኤችኤምፓኦ ወይም ኢንዲየም-111 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይለጠፍባቸውና ይመለሱለታል። ሕዋሳቱ ወደ ተሕዋስያን ስለሚጓዙ፣ የሚታየው የአጥንት ሥራ ሳይሆን የኢንፌክሽን ውጊያ ነው፤ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ጥገናም ሌሎቹን ምርመራዎች የሚያሳስተውን ያህል ይህን አያሳስተውም። ከስፔክት ሲቲ ጋር (የጋማ ካሜራው ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ከሲቲ ጋር ተጣምሮ) ሲነሳ ክምችቱ በአጥንቱ ውስጥ ወይም በላዩ ባለው ሥጋ ብቻ መሆኑ ይለያል፤ ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሆኖም ለአከርካሪ አይመረጥም፤ በአከርካሪ ኢንፌክሽን ላይ ሕዋሳቱ ብዙ ጊዜ ሳይገቡ ቀርተው ቦታው ጨለማ ሆኖ ይታያል። በሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ የተጠቃ አጥንትም ጎልቶ ላይታይ ይችላል።

ሦስተኛው ኤፍዲጂ ፔት ሲቲ ነው። ጨረር አመንጪው ፍሎሪን-18 የተለጠፈበት ስኳር (ኤፍዲጂ) ብዙ ጉልበት የሚፈጁ ሕዋሳትን ያሳያል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ለአከርካሪና ለዳሌም ይሠራል፤ ከመርፌው እስከ ምስሉ የሚጠበቀውም 60 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ በአንድ ቀን ያልቃል። ድክመቱ መቆጣትን ከኢንፌክሽን በሚገባ አለመለየቱ ነው፤ በተለይ ከቀዶ ጥገና በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ውስጥ የሐሰት ፖዘቲቭ ይበዛዋል። የፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 110 ደቂቃ ብቻ በመሆኑ ፍሎሪኑን የሚያመርተው ማሽን ከካሜራው ብዙ ሊርቅ አይችልም፤ ከአገራችን አንዳንድ ታካሚዎች ለዚህ ምርመራ ናይሮቢ ወይም ህንድ የሚሄዱትም ለዚህ ነው። ለቅልጥም ስብራት ብቻ ሲባል ቤተሰብን ወደዚህ ወጪ ከመግፋት በፊት፣ በጥንቃቄ የተወሰደ የአጥንት ናሙና ያንኑ ጥያቄ ሊመልስ እንደሚችል ከታካሚው ጋር መነጋገር የሐኪሙ ግዴታ ይመስለኛል።

በአጭሩ ምርጫው እንዲህ ይሄዳል፦ ለእጅና ለእግር አጥንት፣ በተለይ ቀዶ ጥገናው ቅርብ ከሆነ፣ የነጭ ደም ሕዋስ ስካን ከስፔክት ሲቲ ጋር፤ ለአከርካሪ ኤምአርአይ፣ ካልተቻለ ወይም ካልጠራ ኤፍዲጂ ፔት ሲቲ።

ደረጃ 4፦ ታካሚው ከመነሳቱ በፊት ይደውሉ

ቴክኒሺየም የሚገኘው ሞሊብዲነም-99 ከያዘ ጀነሬተር (ሞሊብዲነሙ ወደ ቴክኒሺየም ሲለወጥ ከሚቀዳበት ዕቃ) ነው። የሞሊብዲነሙ ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት፣ የቴክኒሺየሙ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ማለት ጀነሬተሩ በሳምንት ውስጥ ይደክማል፤ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑም በረራ ሲዘገይ ወይም አቅርቦት ሲቋረጥ ቀጠሮ ይታጠፋል። ታካሚው በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ሰኮሩን፣ ወልቂጤንና ወሊሶን አልፎ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ «ንጥረ ነገሩ አልመጣም» መባል የለበትም። ስለዚህ ወደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ወይም ምርመራው ወደሚሰጥበት ሌላ ተቋም ደውለው ሦስት ነገሮችን በቃል ያረጋግጡ፦ በዚያ ሳምንት ጀነሬተር መኖሩን፣ የነጭ ደም ሕዋስ መለጠፊያ ኪትና አገልግሎት መኖሩን፣ ካሜራው ከሲቲ ጋር የተጣመረ መሆኑን። የተነገረዎትን ሰው የሥራ ድርሻና ቀኑን ካርዱ ላይ ይጻፉ።

ቀጥሎ የሪፈራል ወረቀቱ ይጻፋል። «አርኦ ኦስቲዮማይላይትስ» (የአጥንት ኢንፌክሽን አለመኖሩ ይጣራ) ብቻ የሚል ወረቀት ለምስል አንባቢው ምንም አይነግረውም። ከዚህ የሚመሳሰል አጻጻፍ ይሻላል፦

«ታካሚው የ34 ዓመት ሰው ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት በሞተር ሳይክል አደጋ የቀኝ ቅልጥም አጥንቱ መሐል ላይ ተሰብሮ፣ ስብራቱ ክፍት ስለነበር በመጀመሪያ በውጭ ብረት ታስሮ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የውስጥ ዘንግ ገብቶለታል። ከዚያ ወዲህ ቀዶ ጥገና የለም። ቀዳዳም መግልም የለውም። ስብራቱ አልገጠመም፤ ታችኛው ብሎን ዙሪያ ክፍተት ይታያል። ሲአርፒ በመጠኑ ከፍ ብሏል። አንቲባዮቲክ ካቆመ አምስት ሳምንት ሆኖታል። የስኳር በሽታ የለበትም። ጥያቄ፦ በስብራቱ ቦታ ወይም በዘንጉ ዙሪያ ኢንፌክሽን አለ? ካለ በአጥንቱ ውስጥ ነው ወይስ በሥጋው ብቻ? መልሱ ዘንጉን በአንድ ጊዜ መለወጥ ወይም በሁለት ደረጃ ማከም የሚለውን ይወስናል።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እንዳትቀር። አንባቢው ውጤቱ ምን እንደሚወስን ሲያውቅ ምስሉን በዚያው መጠን አተኩሮ ያየዋል።

ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ካርዳችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ማሽኖቹ በአውሮፓ ያትማሉ፤ «በ3/2» የተባለ ቀዶ ጥገና በጥቅምት ወይም በአውሮፓ ፌብሩዋሪ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል፤ በቀዶ ጥገናውና በምስሉ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ንባቡን ይለውጠዋል። ራጆቹ በሙሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ጨምሮ፣ በሲዲ ወይም በፊልም ከታካሚው ጋር ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ታካሚውን ያዘጋጁ

ለነጭ ደም ሕዋስ ስካን ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት፣ ምርመራው በአንድ ቀን እንደማያልቅ ነው። የመጨረሻው ምስል ሕዋሳቱ ከተመለሱ ከ20 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ይነሳል። ይህ ያልተነገረው ታካሚ የከሰዓቱ ምስል ሲያልቅ «ጨረስኩ» ብሎ ወደ አውቶቡስ ተራ ይሄዳል፤ ወሳኙ ምስልም ይቀራል። «ወንድሜ፣ አንድ ሌሊት እዚያው ያድራሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው ካልታዩ የመጀመሪያው ቀን ድካም ከንቱ ይሆናል» ብሎ ለታካሚውም ለአስታማሚውም መንገርና ማደሪያ እንዳላቸው መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንቲባዮቲክን በተመለከተ፣ የታካሚው ሁኔታ ከፈቀደ ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ማቆም ይመረጣል፤ ለካልቸር ናሙናም የሚመከረው ጊዜ ይኸው ነው። ትኩሳት ያለው ወይም ሁኔታው የከበደ ታካሚ ግን ለምስል ሲባል መድኃኒቱ አይቆምበትም። በጠቅላላ የደም ምርመራ ነጭ ሕዋሳቱ በማይክሮ ሊትር ከ2000 በላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ካነሱ ለመለጠፍ በቂ ሕዋስ አይገኝም።

ለኤፍዲጂ ፔት ዝግጅቱ ጥብቅ ነው። ታካሚው ቢያንስ ለ6 ሰዓት ከምግብ ይከልከል፤ የተፈቀደለት ውኃ ብቻ ነው። በጅማ ቤት ጠዋት ቡና ሳይቀመስ መውጣት ከባድ እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ ቡናም ሻይም እንደማይፈቀድ በግልጽ ይነገር። ጫት የሚቅም ታካሚም ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ እንዲያቆም ይጠየቅ፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ የደም ስኳርን ያዛባል፣ የመንጋጋ ጡንቻ ሥራም በምስሉ ላይ ያበራል። የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ200 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። የስኳር ታካሚ የኢንሱሊን ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ቀድሞ ያስተካክል።

ሴቶች እርግዝና መኖሩን ይጠየቁ፣ አጠራጣሪ ከሆነም ይመርመሩ፤ የምታጠባ እናት ለምን ያህል ሰዓት ማጥባት ማቆም እንዳለባት ከክፍሉ ጠይቃ፣ ወተት ቀድማ አልባ ታስቀምጥ። «ጨረር» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል። የአንድ የቴክኒሺየም ምርመራ ጨረር 4 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው፤ ሰው ከአካባቢው በተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው የዓለም አማካይ ደግሞ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ይህን በሰው ቋንቋ፣ «በአንድ ሁለት ዓመት ከመሬትና ከሰማይ የሚደርስብንን ያህል ነው፤ በሽንትም እየወጣ ይጠፋል» ብሎ ማስረዳት ይቻላል።

ደረጃ 6፦ በምርመራው ዕለት የሚሆነውን ይወቁ

ላኪው ሐኪም ምርመራውን ራሱ ባይሠራውም፣ አሠራሩን ካላወቀ ውጤቱን መመዘን አይችልም። ከታካሚው ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ደም እንዳይረጋ ከሚያደርግ ፈሳሽ ጋር ይወሰዳል። ቀይ ሕዋሳቱ እንዲዘቅጡ ተደርጎ ነጮቹ ይለያሉ፣ ይለጠፍባቸዋል፣ ይታጠባሉ፤ ሥራው በንጹሕ ካቢኔት ውስጥ 2 ወይም 3 ሰዓት ይፈጃል። ደሙ የሚመለሰው ለባለቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ በሲሪንጁ ላይ ያለው ስምና የካርድ ቁጥር ሲወሰድም ሲመለስም በሁለት ሰው ይረጋገጣል። በዚህ ቦታ የሚፈጸም ስሕተት ኤችአይቪንና ሄፓታይተስን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ታካሚው ራሱ ስሙን ጮክ ብሎ እንዲናገር መደረግ አለበት።

ሕዋሳቱ ከተመለሱ በኋላ ሦስት ጊዜ ምስል ይነሳል፤ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ከ20 እስከ 24 ሰዓት። በመጀመሪያው ላይ ሳንባ፣ ጉበትና ጣፊያም ይታያሉ፤ ሕዋሳቱ በሳንባ ውስጥ ተይዘው ከቀሩ በመለጠፍ ጊዜ ተጎድተዋል ማለት ስለሆነ ምርመራው አይታመንም።

የምስሎቹ የጊዜ ርዝመት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ኋላ የሚነሱት ምስሎች በዚያው ልክ ረዘም ላለ ጊዜ መነሳት አለባቸው። የመጀመሪያው ምስል በ100 ሰከንድ ከተነሳ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ የሚነሳው 141 ሰከንድ፣ ከ20 ሰዓት በኋላ የሚነሳው ደግሞ 1008 ሰከንድ፣ ማለትም 17 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ሦስቱን ምስሎች ማነጻጸር አይቻልም፤ ሁሉም ኋላ የደበዘዙ ይመስላሉ። ታካሚው በመጨረሻው ምስል ላይ ይህን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ እንዲተኛ፣ እግሩ የሚያመው ከሆነ ቀደም ብሎ የሕመም ማስታገሻ ይሰጠው።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን በጥንቃቄ ያንብቡ

የነጭ ደም ሕዋስ ስካን ዋና ንባብ በምስሎቹ መካከል ያለው ለውጥ ነው። በ4 ሰዓት የታየው ክምችት በ20 ሰዓት በድምቀት ወይም በስፋት ከጨመረ ለኢንፌክሽን ይመሰክራል። ክምችቱ እየደበዘዘ ከሄደ ወይም ከመጀመሪያውም ካልታየ ኢንፌክሽን የመኖሩ ዕድል ይቀንሳል። ሳይጨምርም ሳይቀንስም የቆየ ክምችት አጠራጣሪ ነው፤ ምክንያቱም ጤናማ መቅኔም ነጭ ሕዋሳትን ይሰበስባል፣ ስብራትና ዘንግ ደግሞ መቅኔውን ከቦታው ያዛውሩታል። እንዲህ ሲሆን በኮሎይድ (መቅኔ በሚሰበስባቸው ጨረር አመንጪ ጥቃቅን ቅንጣቶች) የሚሠራ የመቅኔ ስካን ይታከልበታል፤ ሁለቱ ስካኖች በአንድ ቦታ ላይ እኩል ካበሩ መቅኔ ነው፣ ነጭ ሕዋሱ ብቻ ካበራ ግን ኢንፌክሽን ነው ለማለት ያበቃል።

ሪፖርቱ ሲመጣ መደምደሚያውን ብቻ አያንብቡ። ሦስቱ ምስሎች መነሳታቸውን፣ ጊዜያቸው እንደ ንጥረ ነገሩ መቀነስ ተስተካክሎ እንደ ሆነ፣ ሁሉም በአንድ የድምቀት መለኪያ መታየታቸውን ይመልከቱ። እነዚህ ካልተጠቀሱ ይደውሉና ይጠይቁ።

በኤፍዲጂ ፔት ላይ ደግሞ በሰውነት ውስጥ የሚቀረውን ጨረር ለማካካስ በሲቲው የሚደረገውን እርማት ብረቱ ስለሚያዛባ በብረቱ ዳር የሐሰት ብርሃን ይፈጠራል። ብርሃኑ እርማት ባልተደረገበት ምስል ላይም ከታየ እውነተኛ ነው፤ እዚያ ከጠፋ ግን የብረቱ ሥራ ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ጅማ ሲመለስ

ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ቀጣዩ ሥራ አንቲባዮቲክ መጀመር አይደለም፤ ናሙና መውሰድ ነው። ምስሉ የተሕዋሱን ስምም፣ የሚገድለውን መድኃኒትም አይነግርም። በቀዶ ጥገናው ወቅት ቢያንስ አምስት ጥልቅ ናሙናዎች፣ ከስብራቱና ከብረቱ ዙሪያ፣ እያንዳንዳቸው በተለየ ንጹሕ መሣሪያና በተለየ ዕቃ ይወሰዱ። ላይ ላዩን በጥጥ የተጠረገ ናሙና የቆዳን ተሕዋስ ስለሚያበቅል አይላክ። የስፔክት ሲቲው ምስል ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ተከፍቶ፣ ናሙናው ያበራው ቦታ ላይ መወሰዱ ይረጋገጥ። አንቲባዮቲኩ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ይሰጥ። ለላቦራቶሪው ካልቸሩ ከተለመደው በላይ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲቆይ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ አንዳንድ ተሕዋስያን በዝግታ ይበቅላሉና። አንድ ናሙና ለፓቶሎጂ ይሂድ፤ ሳንባ ነቀርሳ ከተጠረጠረ በጂን ኤክስፐርትም (የነቀርሳ ተሕዋስን በዘረ መሉ በሚለይ ምርመራ) ይታይ።

ውጤቱ ኔጋቲቭ ከሆነና ሐኪሙ ስብራቱ ያልገጠመው በብረቱ ምክንያት ነው ብሎ ወደ ቀዶ ጥገና ከገባም፣ ናሙናዎቹ እንደዚሁ ይወሰዱ። ኔጋቲቭ ስካን ይዘው በካልቸር የሚያበቅሉ ታካሚዎች አሉ፤ ያኔ የሚያድነን ያ በጥንቃቄ የተላከ ናሙና ነው። የላቦራቶሪው የመጨረሻ መልስ እስኪመጣ ድረስ ታካሚው ከተማ ውስጥ ወይም በስልክ ሊገኝ በሚችልበት ቦታ መቆየት ስላለበት፣ ከመውጣቱ በፊት የራሱንና የአንድ ጎረቤቱን ስልክ ካርዱ ላይ ያስመዝግቡ፤ ከሊሙ ወይም ከጎጀብ ማዶ ለመጣ ታካሚ ደግሞ ቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያ ቁስሉን በየስንት ቀኑ እንደሚያይና ምን ሲያይ መልሶ እንደሚልከው በደብዳቤ ጽፈው በእጁ ይስጡት።